ጄምስ ብሩስና የስሜን ፀሐይ፦ በአንድ ተጓዥ ሕይወት የታየ የምድር ዝንባሌ፣ የቀን ርዝመትና የክረምት ጥያቄ

መግቢያ

በየካቲት ወር 1762 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1770) ከአክሱም ተነሥቶ ተከዜን የተሻገረ አንድ ቅፍለት የሊማሊሞን ዐቀበት ይወጣ ነበር። ከጭነቱ መካከል የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ በማዕዘን የሚለካ፣ ኳድራንት የተባለ ከባድ የናስ መሣሪያ ይገኝበታል። የመሣሪያው ባለቤት ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ዐቀበቱ ሲያበቃ ዛሬ ደባርቅና ዳባት የሚገኙበት የወገራ ደጋ ከፊቱ ተዘረጋ፤ በስተምሥራቅ የስሜን ተራሮች፣ ከእነርሱም መካከልና ማዶ የጃናሞራ ከፍታዎች ይገኛሉ።

ብሩስ በታሪክ ዘንድ በይበልጥ የሚታወቀው በሁለት ነገሮች ነው፤ የዓባይን መነሻ ግሽ ዓባይን በማየቱና መጽሐፈ ሄኖክን በግዕዝ ወደ አውሮጳ በመውሰዱ። እነዚህ ሁለት ሥራዎች በልማድ ለየብቻቸው ይተረካሉ። አንድ ላይ ሲታዩ ግን ሁለቱም ወደ አንድ ጥያቄ ያመራሉ፤ ይኸውም ፀሐይ በዓመቱ ውስጥ ቦታዋን ስትለዋውጥ በምድር ላይ ምን ይለወጣል የሚለው ነው። በብሩስ የትውልድ አገር ወቅትን የሚያስታውቀው የቀን መርዘምና ማጠር ነው። በስሜን ግን ወቅትን የሚያስታውቀው የዝናብ መምጣትና መሄድ ነው። ምክንያቱ በሁለቱም አገር አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ይለያያል። የብሩስ ሕይወት ይህ ልዩነት በምን ዓይነት ድካም እንደ ተመረመረ፣ መርማሪውም የት ላይ እንደ ቀናውና የት ላይ እንደ ተሳሳተ ያሳያል።

ረጅም ቀንና ረጅም ሌሊት ካለበት አገር

ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 1730 በስኮትላንድ፣ ላርበርት አጠገብ በምትገኘው በኪናርድ ተወለደ። በእንግሊዝ አገር በሃሮው ትምህርት ቤት ተማረ፤ ቀጥሎም በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ማጥናት ጀመረ። ይሁን እንጂ ሕጉን ትቶ እ.ኤ.አ. በ1754 የአንድ የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ የነበረችውን አድሪያና አለንን አገባና በንግዱ ተሰማራ። ሚስቱ በዚያው ዓመት በሳንባ ነቀርሳ በፓሪስ ሞተች። ከዚህ ሐዘን በኋላ ብሩስ ፊቱን ወደ ጉዞና ወደ ቋንቋ ጥናት መለሰ፤ ዐረብኛን ተማረ፣ በጀርመናዊው ሊቅ በሂዮብ ሉዶልፍ መጻሕፍት አማካይነትም ከግዕዝ ጋር ተዋወቀ። አባቱ እ.ኤ.አ. በ1758 ሲሞት የወረሰው የኪናርድ ርስት የድንጋይ ከሰል ያለበት ስለ ነበር ለጉዞው የሚሆን ገቢ አስገኘለት።

ኪናርድ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ56 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ትገኛለች። በዚህ ኬክሮስ በሰኔ አጋማሽ ቀኑ ከ17 ሰዓት ተኩል በላይ ይረዝማል፤ በታኅሣሥ አጋማሽ ደግሞ ወደ 7 ሰዓት ያህል ያጥራል። በታኅሣሥ ቀትር ላይ እንኳ ፀሐይ ከአድማስ በላይ ከ11 ዲግሪ አትበልጥም። በእንዲህ ያለ አገር ያደገ ሰው ወቅትንና የቀንን ርዝመት ለያይቶ ማሰብ ይቸግረዋል፤ ብርሃን ሲያጥር ብርዱ ይመጣል፣ ብርሃን ሲረዝም ምድሩ ያብባል።

የዚህ መለዋወጥ ምክንያት የምድር ዛቢያ ዝንባሌ ነው። ምድር በዛቢያዋ ላይ እየተሽከረከረች ፀሐይን በምህዋሯ ስትዞር ዛቢያዋ ለምህዋሩ ወለል ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ዛሬ 23 ዲግሪ ከ26 ደቂቃ ያህል ያዘነበለ ነው። ይህ ዝንባሌ በየዘመናቱ በጥቂቱ የሚቀንስ ሲሆን በብሩስ ዘመን 23 ዲግሪ ከ28 ደቂቃ ያህል ነበር። ዛቢያው በዓመቱ ውስጥ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዳመለከተ ስለሚቆይ በሰኔ ሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ወደ ፀሐይ ያዘነብላል፤ በታኅሣሥ ደግሞ ከፀሐይ ይሸሻል። ምድር ለፀሐይ መቅረቧና መራቋ የወቅቶች ምክንያት አለመሆኑ ከአንድ ነገር ይታወቃል፤ ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በገና ሰሞን ነው፤ ርቀቱም 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጣም የምትርቀው ደግሞ በሰኔ መጨረሻ ሲሆን ርቀቱ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። የስሜን ሌሊቶች በውርጭ የሚታወቁትም ምድር ለፀሐይ በቀረበችበት ወራት ነው።

ኳድራንቱና የስሜን ቀትር

ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1763 በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ሥራ ጀመረ። ሹመቱን ከለቀቀ በኋላ የቦሎኛ ተወላጅ ከሆነው ሠዓሊ ከሉዊጂ ባሉጋኒ ጋር የሰሜን አፍሪካንና የሶርያን ጥንታዊ ፍርስራሾች እየዞረ አጠና። በበንጋዚ አጠገብ የተሳፈረባት መርከብ ስትሰበር መሣሪያዎቹ ጠፉ። ለጉዞው ወሳኝ የሆነውን ኳድራንት ያገኘው ከፈረንሳይ ንጉሥ ከሉዊ 15ኛ በስጦታ ነበር። ከዚህ በኋላ በግብፅና በቀይ ባሕር በኩል አልፎ በሴፕቴምበር 1769 ምጽዋ ደረሰ።

ከባሕሩ ዳር ወደ ደጋው የሚያወጣው የታራንታ ዐቀበት የመጀመሪያው ፈተና ሆነ። ሸካሚዎች ኳድራንቱን ማውጣት ባቃታቸው ጊዜ ብሩስ ራሱ ከአንድ የጉዞ ባልንጀራው ጋር ተሸክሞ አወጣው። በአክሱም አልፎ ተከዜን ተሻገረና ከዋልድባ ቆላ ወደ ሊማሊሞ ግርጌ ደረሰ። በዚያ ቀረጥ ተቀባዮች ጭነቱን ለመፈተሽ አስቆሙት፤ በብዙ ድርድር ካለፈ በኋላም ወደ ደጋው ወጣ።

ኳድራንቱ የሚሠራበት ዘዴ ቀላል ነው። ፀሐይ ቀትር ላይ ከአድማስ በላይ ያላት ከፍታ በማዕዘን ይለካል። በዚያ ዕለት ፀሐይ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወይም በስተደቡብ በስንት ዲግሪ እንደምትገኝ በሥነ ፈለክ ሰንጠረዥ ይነበባል። ከሁለቱ ቁጥሮች የቦታው ኬክሮስ በድምርና በቅናሽ ይወጣል። እንግዲህ በዚህ መንገድ ኬክሮስን መለካት ማለት የምድርን ዝንባሌ በየዕለቱ ለሥራ ማዋል ማለት ነው።

ደባርቅ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ13 ዲግሪ ከ9 ደቂቃ ገደማ ትገኛለች። በዚህ ኬክሮስ በታኅሣሥ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ በ53 ዲግሪ ከፍታ ላይ ትታያለች። በኪናርድ በዓመቱ ከፍተኛ የሆነው የሰኔ ቀትር 57 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ በስሜን ዝቅተኛ የሚባለው ፀሐይ በስኮትላንድ ከፍተኛ ከሚባለው ብዙም አያንስም። በሚያዝያ 17 ገደማ በደባርቅ ፀሐይ ከአናት በላይ ቀጥ ትላለች፤ በቀትር የቆመ ዘንግ ጥላ አይኖረውም። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ወደ ሰሜን ትሻገራለች፤ የቀትር ጥላም ወደ ደቡብ ይዞራል። በነሐሴ 12 ገደማ ፀሐይ እንደ ገና ከአናት በላይ አልፋ ወደ ደቡብ ትመለሳለች። በጃናሞራም የሚሆነው ከዚህ በአንድና በሁለት ቀን ቢለይ ነው።

የቀን ርዝመት ልዩነት ግን በዚህ አካባቢ ትንሽ ነው። በደባርቅ ኬክሮስ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ54 ደቂቃ፣ አጭሩ ቀን 11 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ያህል ነው። በረጅሙና በአጭሩ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ሲሆን በኪናርድ ግን ከ10 ሰዓት ተኩል በላይ ነው። ቀንን ከንጋት፣ ሌሊትን ከምሽት ጀምሮ በ12 ሰዓት መቁጠር በኢትዮጵያ ያለ ችግር የሚሠራበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጎንደርና የክረምት ጥያቄ

ብሩስ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1770 ጎንደር ገባ። ጊዜው ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊ በዙፋን የተቀመጡበት፣ ሥልጣኑ ግን በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ የነበረበት ዘመን ነው። ከተማዪቱ በፈንጣጣ ትታመስ ነበር። ብሩስ በቁስቋም በሚገኘው በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ የታመሙ የቤተ መንግሥት ልጆችን አስታመመ፤ በዚህም የእቴጌይቱንና የልጃቸውን የወይዘሮ አስቴርን ሞገስ አገኘ። በኋላም ከንጉሠ ነገሥቱ ባለሟሎች እንደ አንዱ ተቆጥሮ ከሠራዊቱ ጋር ዘመተ፤ እ.ኤ.አ. በ1771 የራስ ሚካኤልን ሥልጣን ያናወጡትን የሰርባኩሳ ጦርነቶችም በዓይኑ አየ።

በዚህ ሁሉ ሁከት መካከል የአየሩን ሁኔታ በመሣሪያ መመዝገብ አልተቋረጠም። የዝናቡ መጠን፣ የሙቀቱና የአየሩ ግፊት ልኬት በጎንደርና በቁስቋም እየተመዘገበ ቆይቶ በኋላ ከጉዞ መጽሐፉ ጋር ታተመ። ለኢትዮጵያ ከፍተኛ ምድር በመሣሪያ ከተወሰዱ ቀደምት የአየር መዛግብት አንዱ ይህ ነው።

መዝገቡ ያስፈለገበት ጉዳይ ከጥንት ጀምሮ ሲያከራክር የኖረ ነው። የዓባይ ወንዝ በግብፅ የሚሞላው ሌሎች ወንዞች በሚጎድሉበት በበጋው ሐሩር ነው። ከጥንት ግሪኮች አንዳንዶቹ ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ ውሃውን እያገደ ይሞላዋል ብለው ነበር፤ ሌሎቹ ደግሞ በኢትዮጵያ ተራሮች የሚቀልጥ በረዶ ነው ብለዋል። ሄሮዶቱስ እነዚህን ሐሳቦች መዝግቦ ሁለቱንም አልተቀበላቸውም። ከብሩስ በፊት ኢትዮጵያን ያዩ የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን የሙላቱ ምክንያት የክረምት ዝናብ መሆኑን ጽፈው ነበር።

ብሩስ ለዚህ መልስ አሠራሩን ለማስረዳት ሞከረ። በእርሱ ማብራሪያ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትመጣና ከአናት በላይ ስትሆን ምድሩንና አየሩን ታሞቃለች፤ የሞቀው አየር ይሳሳል፤ በቦታው እንፋሎት የተሸከመ አየር ከባሕሮች ይገባል፤ ይህም ከፍተኛ ተራሮችን ሲያገኝ ይቀዘቅዝና ዝናብ ይሆናል። የዛሬው ሳይንስ በዝርዝሩ ብዙ ቢጨምርም መሠረቱ አልተናወጠም። የሰሜንና የደቡብ ነፋሳት የሚገናኙበት የሐሩር ቀበቶ የፀሐይን መንገድ በጥቂት ሳምንታት መዘግየት ተከትሎ ወደ ሰሜን ይጓዛል። ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከኮንጎ ተፋሰስና ከአትላንቲክ በኩል የሚመጣው እርጥብ አየር በዚህ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ይደርሳል፤ የስሜንን የመሳሰሉ ተራሮችም ወደ ላይ እየገፉ ያቀዘቅዙታል። ቀበቶው ወደ ደቡብ ሲመለስ ሰማዩ ይጠራል፣ በጋ ይሆናል።

ከዚህ ለአውሮጳዊ አንባቢ እንግዳ የሆነ ነገር ይከተላል። ክረምት የሚለውን ቃል የአውሮጳ ጸሐፊዎች በልማድ በራሳቸው የብርድ ወቅት ስም ይተረጉሙት ነበር። በአውሮጳ ግን ያ ወቅት ፀሐይ ዝቅ የምትልበት ሲሆን በስሜን ክረምት የሚገባው ፀሐይ ከአናት በላይ በምትመላለስበት ጊዜ ነው። ቀኑ የሚቀዘቅዘው ፀሐይ ስለራቀች ሳይሆን ደመና ስለጋረዳት ነው። በበጋ ደግሞ ፀሐይ ዝቅ ብትልም ቀኑ ይሞቃል፤ ሌሊቱ ግን ደመና የሌለበት ስለሆነ የምድሩ ሙቀት ወደ ሰማይ ያመልጣል፤ በከፍታው ሳሳ ያለው አየርም ሙቀት ስለማይዝ ማለዳው ውርጭ ይሆናል። የጃናሞራ የገብስ ማሳ በአንድ ዕለት ውስጥ ሁለት ወቅት የሚያይ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

የስሜን በረዶ

ብሩስ የዓባይ ሙላት ከዝናብ እንጂ ከበረዶ መቅለጥ አለመሆኑን በማስረዳት ረገድ ትክክል ነበር። ነገር ግን ሐሳቡን ከልክ በላይ ገፋው። በስሜን ተራሮች ላይ በረዶ እንደሚታይ የጻፉትን ቀደምት ሚስዮናውያን አልተቀበለም፤ ሊማሊሞ ላይ ብርዱን በመሣሪያ ቢለካም የከፍተኞቹን ጫፎች ገጽታ ከዚያ መገመት እንደሚቻል አሰበ። መንገዱ በተራሮቹ ምዕራባዊ ዳርቻ እንጂ በቧሂት ወይም በራስ ደጀን አላለፈም። ራስ ደጀን 4,550 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ ከሊማሊሞ መውጫ በላይ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ሌላ ዐቀበት ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት እንግሊዛውያን ናትናኤል ፒርስና ሄንሪ ሶልት በስሜን ከፍታዎች በረዶ መኖሩን መሰከሩ። በአማርኛ በረዶ የሚለው ቃል ከዝናብ ጋር የሚወርደውን ጠጣር በረዶም፣ እንደ ብናኝ የሚነጠፈውንም ስለሚያጠቃልል ጉዳዩ በቃል ምስክርነት ብቻ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር። በስሜን ጫፎች አልፎ አልፎ የሚነጠፈው በረዶ ጥቂትና ቶሎ የሚጠፋ ነው፤ የዓባይንም ሆነ የተከዜን ሙላት ሊያስከትል አይችልም። ብሩስ መደምደሚያው ትክክል ሆኖ ሳለ ከመደምደሚያው ጋር የሚጋጭ የመሰለውን እውነት ካደ። ከጃናሞራ ሸለቆዎች በመሸሓ ወንዝ ወደ ተከዜ የሚወርደው የክረምት ጎርፍ ማብራሪያውን የሚደግፍ ማስረጃ ነው፤ ከሸለቆዎቹ በላይ ያለው ነጭ ጫፍም ማብራሪያውን አያፈርስም።

ግሽ ዓባይና የተሰወረው ባልንጀራ

ብሩስ በግንቦት 1770 (እ.ኤ.አ.) ከሠራዊቱ ጋር ወደ ዓባይ ምንጭ ለመድረስ ያደረገው ሙከራ በጦርነቱ ሳቢያ ከሸፈ። ክረምቱን በጎንደር አሳልፎ ዝናቡ ሲያባራ እንደ ገና ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1770 በሰከላ ግሽ ዓባይ ደረሰ። የጉዞው ቀን መቁጠሪያ ራሱ በፀሐይ የተወሰነ ነበር፤ ሠራዊት፣ ነጋዴና መንገደኛ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው የዝናቡ ቀበቶ ወደ ደቡብ ሲመለስ ነው። በዚያ የወሰደው የኬክሮስ ልኬት 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ነበር፤ ከዛሬው ልኬት ጋርም በእጅጉ ይቀራረባል።

የብሩስን ስም የሚያጠቁሩ ሁለት ነገሮች ከዚህ ጉዞ ጋር ይያያዛሉ። የመጀመሪያው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 በዚያው ስፍራ መገኘቱን ለመቀበል አሻፈረኝ ማለቱ ነው። ሁለተኛው የባሉጋኒ ጉዳይ ነው። ሠዓሊው ወደ ግሽ አብሮት ሄዶ ነበር፤ በአየር መዝገቡም ሥራ እጁ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1771 በጎንደር በሕመም ሞተ። ብሩስ ከብዙ ዓመታት በኋላ መጽሐፉን ሲያሳትም ግን ባሉጋኒ በግሽ መገኘቱን አስቀረው፤ እውነቱ የታወቀው ከተረፉት ወረቀቶች ነው። መለኪያ መሣሪያን በትከሻው ተሸክሞ ዐቀበት የወጣ ሰው፣ አብሮት የደከመውን ሰው ስም መሸከም ከበደው።

መጽሐፈ ሄኖክና የቀን ልኬት

ብሩስ በጎንደር በቆየበት ጊዜ ብዙ የግዕዝ መጻሕፍትን ሰበሰበ። ከእነዚህ መካከል ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ይገኙባቸዋል። መጽሐፉ በሌላው ዓለም ከጥቂት ቁርጥራጭ በቀር ጠፍቶ ሲኖር በሙሉ ይዞታው የተጠበቀው በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ብሩስ አንዱን ቅጂ ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ፤ ሌላው በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ገባ፤ ከዚሁም ሪቻርድ ሎረንስ እ.ኤ.አ. በ1821 የእንግሊዝኛ ትርጉም አሳተመ። በ20ኛው መቶ ዓመት በኩምራን ዋሻዎች የአራማይክ ቁርጥራጮች ሲገኙ የግዕዙ ቅጂ ጥንታዊ ምንጭ እንዳለው ተረጋገጠ።

ከመጽሐፉ አንድ ክፍል የብርሃናትን ጉዞ ይተርካል። ፀሐይ በምሥራቅ ባሉ ስድስት ደጆች እየተፈራረቀች ትወጣለች፣ በምዕራብ ባሉ ስድስት ደጆችም ትገባለች። የፀሐይ መውጫ በአድማስ ላይ በዓመቱ ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ ከሰሜንም ወደ ደቡብ የሚመላለስ መሆኑን በዓይን ያየ ሰው የደጆቹን ትርጉም ይረዳል። መጽሐፉ ዕለቱን በ18 ክፍል ይከፍልና በረጅሙ ቀን 12 ክፍል ለመዓልት፣ 6 ክፍል ለሌሊት ይሰጣል። ይህ በዛሬ አቆጣጠር 16 ሰዓት ቀንና 8 ሰዓት ሌሊት ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ቀን በእውነቱ የሚገኘው በ49 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ፣ ማለትም በፓሪስ አቅራቢያ ነው። በደባርቅም ሆነ በኢየሩሳሌም አይገኝም። ሊቃውንት ይህን የሁለት ለአንድ ንጽጽር ከጥንታዊ የባቢሎን አቆጣጠር ጋር ያያይዙታል፤ ስሌትን ለማቅለል የተመረጠ ቁጥር እንጂ በመሣሪያ የተገኘ ልኬት አይደለም። በስንክሳር በየወሩ መግቢያ የሚነበበው የቀን ርዝመትም ተመሳሳይ ጠባይ አለው፤ በታኅሣሥ 9 ሰዓት፣ በመስከረምና በመጋቢት 12 ሰዓት፣ በሰኔ 15 ሰዓት ይላል። ይህ ልኬት ለ41 ዲግሪ ኬክሮስ የሚስማማ ነው። ከቅብጥ ሥርዐት ጋር አንድ መሆኑ ከውጭ ከመጻሕፍቱ ጋር መምጣቱን ያመለክታል። በስሜን የሚኖር ካህን በሰኔ 15 ሰዓት ሲያነብ በደጁ ያለው ቀን ከ13 ሰዓት ያነሰ ነው።

የባሕረ ሐሳብ አራቱ ወቅቶችም የፀሐይን ጉዞ ማኅተም ይዘዋል። መፀው በመስከረም 26፣ በጋ በታኅሣሥ 26፣ ፀደይ በመጋቢት 26፣ ክረምት በሰኔ 26 ይገባሉ። እነዚህ ዕለታት በጥንት ዘመን ቀንና ሌሊት ከሚተካከሉባቸው፣ ቀንም እጅግ ከሚረዝምባቸውና ከሚያጥርባቸው ዕለታት ጋር በጣም ይቀራረቡ ነበር። ዛሬ ግን የፀሐይ ዕለታት በመስከረም 13፣ በታኅሣሥ 12፣ በመጋቢት 11 እና በሰኔ 14 ገደማ ይውላሉ። ከ12 እስከ 15 ቀን ያለው ልዩነት የመጣው የዘመን አቆጣጠሩ ዓመት ከእውነተኛው የወቅቶች ዓመት በ11 ደቂቃ ያህል ስለሚረዝምና ይህም በ128 ዓመት አንድ ቀን ስለሚሞላ ነው። የወቅቶቹ መግቢያ ቀናት እንግዲህ ጥንታዊ የሰማይ ምልከታን ጠብቀው ያቆዩ ምስክሮች ናቸው።

ብሩስ ኬክሮስን እስከ ሰከንድ የሚለካ መሣሪያና የቀንን ርዝመት በክፍል የሚቆጥር መጽሐፍ በአንድ ጊዜ በእጁ ይዞ ነበር። ሆኖም በጉዞ መጽሐፉ ስለ ሄኖክ ሲጽፍ ትኩረቱን የሳበው የትጉሃን መላእክትና የረዐይት ታሪክ ነው። ሁለቱን ማነጻጸር ለኋለኞች ሊቃውንት የቀረ ሥራ ሆነ።

መመለስና አለመታመን

ብሩስ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 1771 ከጎንደር ተነሥቶ በስናር በኩል ወደ ግብፅ አመራ። በኑብያ በረሃ ግመሎቹ ሲያልቁ ኳድራንቱንና ጽሑፎቹን በአሸዋው ላይ ጥሎ በእግሩ ለመሄድ ተገደደ። በኖቬምበር 1772 መጨረሻ አስዋን ከደረሰ በኋላ ግመል ተቀብሎ ተመለሰና ንብረቱን አነሣ። የዚያን ዘመን የኢትዮጵያ የአየር መዝገብና መጽሐፈ ሄኖክ የተረፉት በዚያ መመለስ ነው።

በፓሪስ ከተፈጥሮ ተመራማሪው ከቢፎን መልካም አቀባበል ቢያገኝም በለንደን ግን ብዙዎች አላመኑትም። በተለይ ስለ ጥሬ ሥጋ አበላል የተናገረው ነገር መሳለቂያ አደረገው። ከጠርጣሪዎቹ አንዱ ሳሙኤል ጆንሰን ሲሆን፣ በወጣትነቱ የጄሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመ ሰው ነበር። ብሩስ ሎቦንና ፓኤዝን እንዳላመነ ሁሉ የሎቦ ተርጓሚ ብሩስን አላመነም። ብሩስ ተቀይሞ ወደ ኪናርድ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1776 ሜሪ ዳንዳስን አገባ፤ እርስዋ በ1785 ከሞተች በኋላ የጉዞውን ታሪክ መጻፍ ያዘ። ሥራው በአምስት ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1790 በኤዲንብራ ታተመ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 27 ቀን 1794 አንዲት እንግዳን ሊሸኝ ሲፈጥን ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ። ታራንታንና ሊማሊሞን የወጣ፣ በረሃ የተሻገረ ሰው ሞቱ በገዛ ቤቱ ደረጃ ሆነ።

ማጠቃለያ

ከብሩስ ሕይወት ለስሜንና ለጃናሞራ የሚቀረው ፍሬ ነገር የምድር ዝንባሌ በየስፍራው በተለያየ መልክ መገለጡ ነው። በኪናርድ ዝንባሌው በብርሃን ርዝመት ይታያል፤ በጃናሞራ ግን በደመና፣ በጎርፍና በውርጭ ይታያል። ቀኑ በአንድ ሰዓት ተኩል ብቻ በሚለዋወጥበት አገር የፀሐይ ጉዞ ለገበሬው የሚደርሰው በዝናብ በኩል ነው። ወቅቶች በመማሪያ መጻሕፍት ሲብራሩ የአውሮጳ ረጅም ቀንና አጭር ቀን ብቻ በምሳሌነት ከቀረበ፣ የስሜን ተማሪ በደጁ የማያየውን ነገር ይማራል። በሚያዝያ 17 እና በነሐሴ 12 ቀትር ላይ የቆመ ዘንግ ጥላ ማጣቱን፣ በመካከሉ ባሉት ወራትም ጥላው ወደ ደቡብ መዞሩን ከተመለከተ ግን የምድርን ዝንባሌ ያለ ናስ መሣሪያ በገዛ ግቢው ይለካል።

ሌላው ትምህርት ማስረጃን ስለ መያዝ ነው። ብሩስ የዝናቡን መንገድ በትክክል ተከትሎ የስሜንን በረዶ ካደ፤ በእርሱ ላይ የደረሰውን አለመታመን እርሱም በሌሎች ላይ አደረሰ። ያም ሆኖ ልኬቶቹ፣ የአየር መዝገቡና ይዞአቸው የወጣቸው ብራናዎች የሚመረመሩ ማስረጃዎች ስለሆኑ ስሕተቱን ራሱን ለማረም አስችለዋል።